ከሴሊያክ ምርመራ ውጤት በኋላ፦ እውቀትና አጋዥ ከየት ይገኛል?

ሴሊያክ በሽታ ግሉተን የተባለው ፕሮቲን በተበላ ቁጥር የሰውነት የመከላከል ሥርዓት የገዛ ራሱን ትንሽ አንጀት የሚያጠቃበት፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ ሕመም ነው። ግሉተን የሚገኘው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የቀዝቃዛ አገር እህል ውስጥ ነው። የስንዴ ሊጥ እንዲሳብ፣ ዳቦውም ኩፍ እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው። የጤነኛ ሰው ትንሽ አንጀት ውስጠኛው ገጽ ፀጉር መሰል በሆኑ ጥቃቅን ዘለላዎች የተሸፈነ ሲሆን፣ የተፈጨው ምግብ ወደ ደም የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው። ሴሊያክ ባለበት ሰው እነዚህ ዘለላዎች ቀስ በቀስ ይከስማሉ፤ ገጹም ልሙጥ ይሆናል። ሰውየው ጠግቦ ቢበላም ብረቱ፣ ካልሲየሙና ቫይታሚኑ ሳይመጠጥ ያልፋል።

ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን ተቅማጥና የሆድ መነፋት ያሠቃየዋል። ሌላው ሆዱን ምንም ሳያመው፣ የደሙ ማነስ ብቻ የብረት ክኒን እየዋጠም አልስተካከል ይላል። ልጅ ከሆነ ቁመቱ ይገታል። አንዳንዱ ላይ በክርንና በጉልበት የሚወጣ አጥብቆ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ አንዳንዷ ላይ የጽንስ መውረድ፣ ሌላው ላይ ያለ ዕድሜው የሳሳ አጥንት ሆኖ ይገለጣል። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ በሽታው እንዳለበት ይገመታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ስሙን ሳይሰሙ ይኖራሉ።

ሕመሙን ከሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎች የሚለየው አንድ ነገር አለ። የስኳር ታማሚ ኢንሱሊን ይታዘዝለታል፤ የደም ግፊት ታማሚ ክኒን ይጽፉለታል። ለሴሊያክ ግን እስከ ዛሬ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ሕክምናው ግሉተንን ጨርሶ፣ ዕድሜ ልክ መተው ብቻ ነው። ሐኪሙ ይህን ተናግሮ በሩን ሲዘጋ፣ ሕክምናውን በየቀኑ የሚሠራው ታማሚው ራሱ ወይም ለእሱ የሚያበስለው ሰው ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በሕክምናው ላይ የሚታከል ተጨማሪ ነገር ሳይሆን የሕክምናው ዋና ክፍል ነው። የተሳሳተ መረጃ የያዘ ሰው የተሳሳተ መድኃኒት እንደሚወስድ ሰው ይቆጠራል።

ይህ እውቀት ራሱ የተገኘው በጠረጴዛ ላይ ካለ ምግብ ነው። የእንግሊዙ ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሽታውን በዝርዝር ሲገልጽ፣ የሚድን ካለ የሚድነው በምግብ እንደሆነ ጠርጥሮ ነበር፤ የትኛው ምግብ እንደሆነ ግን አላወቀም። መልሱ የመጣው ከኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ከቪለም ካረል ዲከ ነው። ዲከ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ዳቦን ይጠረጥር ነበር። በ1944 እና 1945 ክረምት አገሩ በረሃብ ተመትታ ዳቦ ሲጠፋ፣ ሌላው ሕዝብ ሲከሳ እሱ የሚከታተላቸው ሕፃናት አገገሙ፤ ዳቦው ሲመለስ ደግሞ መልሰው ታመሙ። በ1950 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ ጠንቁ ስንዴ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ፦ ስንዴ የሌለበት የትኛው ምግብ ነው? የት ይሸጣል? እንዴት ይጋገራል? ይህን ሐኪሞች ብቻቸውን ሊመልሱት አልቻሉም። በ1968 በብሪታንያ የሴሊያክ ሕሙማን ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ፒተር ቤነንሰን ነበር፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልን የመሠረተው ሰው ማለት ነው። እሱ ራሱ ሴሊያክ ነበረበት። የሕሙማን ማኅበራት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ዋነኛ የመረጃ ምንጭ ሆነው ኖረዋል።

መረጃ ከመፈለግ በፊት ግን ምርመራው የጸና መሆን አለበት። የተለመደው መንገድ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በደም ውስጥ ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ ለተባለው ኢንዛይም የተሠራ አንቲቦዲ ይለካል፤ ከእሱም ጋር የኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ ጠቅላላ መጠን አብሮ መታየት ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ይህ የጎደለው ሰው በሽታው እያለበት የደም ውጤቱ ነጻ ሊመስል ይችላል። ከዚያ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ በርከት ያሉ ናሙናዎች ተወስደው በማይክሮስኮፕ ይመረመራሉ። በአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች መመሪያ መሠረት የአንቲቦዲው መጠን ከመደበኛው ጣሪያ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነና ሌላ ናሙና ላይ የተደረገ ሁለተኛ ምርመራ ካረጋገጠው፣ ለልጆች ኢንዶስኮፒው ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሁለቱም ምርመራዎች የሚሠሩት ሰውየው ስንዴና ገብስ እየበላ ሳለ ነው። ከጎረቤት ሰምቶ ዳቦ አቁሞ ከወራት በኋላ የሚመረመር ሰው አንቲቦዲው ስለሚቀንስ፣ አንጀቱም ማገገም ስለሚጀምር፣ «የለብህም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የዘር ምርመራም ብዙዎችን ያደናግራል። ኤችኤልኤ ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 የተባሉት የዘር ምልክቶች ከሕዝቡ በሲሶው ገደማ ውስጥ ይገኛሉ፤ ከተሸካሚዎቹ የሚታመሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። የዘር ምልክቶቹ አለመኖራቸው በሽታውን ከጥርጣሬ ለማውጣት ያስችላል፤ መኖራቸው ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም። የስንዴ አለርጂም ሌላ ነገር ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያሳብጥና የሚያስጨንቅ ሲሆን ሕክምናውም ይለያል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሁሉ ተጨማሪ ችግር አለበት። ተደጋጋሚ ተቅማጥ ያለበት ሰው በቅድሚያ የሚታከመው ለጃርድያና ለአሜባ ነው፤ ያልተስተካከለ የደም ማነስም ለአመጋገብ ጉድለት ወይም ለወስፋት ይሰጣል። ይህ በአብዛኛው ትክክለኛ አካሄድ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ በሥርዓት ተወስዶ በሽታው ከተመላለሰ፣ ሐኪሙን ስለ ሴሊያክ የደም ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኢንዶስኮፒ በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚገኝ ባለመሆኑም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል።

ምርመራው ከጸና በኋላ የመጀመሪያው ደጋፊ ሐኪሙ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሰው ደንግጦ ስለሚሰማ ግማሹን ነገር ሳይዘው ይወጣል፤ ጥያቄን ጽፎ መሄድና አንድ የቤተሰብ ሰው ይዞ መግባት ይረዳል። መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ብረት፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ቢ12ና ቫይታሚን ዲ ይለኩ ወይ? የአጥንት ጥንካሬ ይታይ ወይ? የታይሮይድ ምርመራስ? ለጊዜው ወተት የማይስማማው ከሆነ እስከ መቼ ይተወው? የሚወስዳቸው ክኒኖች ውስጥ ማያያዣ ሆኖ የገባ የስንዴ ስታርች አለ ወይ? ይህን የመጨረሻውን ፋርማሲስቱ ያጣራል። የደም አንቲቦዲው ከስድስት ወር በኋላ ገደማ፣ ከዚያም በዓመት፣ ከተስተካከለ በኋላም በየጊዜው ይለካል። መውረዱ ምግቡ እየተጠበቀ መሆኑን ያሳያል። አልወርድ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ግሉተን ከአንድ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው፤ ያን ቦታ መፈለግ ደግሞ የሥነ ምግብ ባለሙያው ሥራ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖር ታማሚ ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አማርኛ ተናጋሪውን ታማሚ ያለ ክፍያ በአስተርጓሚ የማስተናገድ ግዴታ አለበት። በብሪታንያም የሕዝብ ጤና አገልግሎቱ አስተርጓሚ ያቀርባል። በእስራኤል በኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ጤና ላይ የሚሠራ ጤኔ ብሪዩት የሚባል ድርጅት አለ። የአስተርጓሚ መብቱን ብዙ ቤተሰብ አይጠቀምበትም፤ በምትኩ የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ያስተረጉማል። የምግብ ቃል በሚበዛበት ምክር ላይ ግን ይህ አደገኛ ነው። ልጁ «ባርሊ» የሚለውን ገብስ መሆኑን ካላወቀ፣ እናቱ ስንዴውን ትታ በሶውን ትቀጥላለች።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ማየት በብዙዎች ዘንድ እንደ ትርፍ ነገር ይታያል። ለሴሊያክ ግን ከሐኪሙ ቀጥሎ ሳይሆን ከሐኪሙ እኩል ያስፈልጋል። ባለሙያው ፈረንጅ ከሆነ ግን የሚሰጠው ወረቀት ስለ ሲሪያል፣ ስለ ፒሳና ስለ ሳንድዊች ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ቂንጬ የሚባል በዝርዝሩ ላይ አይኖርም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት በቤቱ ውስጥ በሳምንት የሚበላውን ሁሉ ጽፎ፣ እያንዳንዱ ከምን እንደሚሠራ አጠገቡ ላይ ማስፈር ይገባል። ባለሙያው ምግቡን ባያውቀውም እህሉን ያውቀዋል።

ያ ዝርዝር ለአማርኛ ተናጋሪ ቤት ምን ይመስላል? አንደኛው ወገን ደስ የሚያሰኝ ነው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ቡላ፣ ድንች፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ጎመን በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። የጾም ወጥ በአብዛኛው ከእነዚህ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከኢጣሊያዊ ወይም ከጀርመናዊ ታማሚ ይልቅ ሐበሻው ከአገሩ ምግብ የሚጎድልበት ያነሰ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ይህ ነው፦ በሶ፣ ጭብጦ፣ ጭኮና የገብስ ገንፎ፤ የገብስና የስንዴ ቆሎ፤ ስንዴ ያለበት ንፍሮ፤ ቂንጬ፤ ድፎ ዳቦና አምባሻ፤ ዳቦ ቆሎ፤ ሳምቡሳ፤ ከስንዴ የተሠራ ጨጨብሳ፤ ፓስታና መኮሮኒ። ጠላ የሚጠመቀው በገብስ ወይም በስንዴ ብቅል ሊሆን ስለሚችል፣ ቢራም ከብቅል ስለሚሠራ ሁለቱም አይሆኑም። ጠጅ ከማርና ከጌሾ ብቻ ከተጣለ ችግር የለበትም።

አጃ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈረንጆች ቁርስ ላይ የሚበሉት አጃ በራሱ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች የሚስማማ ቢሆንም፣ በእርሻና በፋብሪካ ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል «ከግሉተን ነጻ» ተብሎ የተረጋገጠው ብቻ ነው የሚበላው፤ እሱም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ። በአገር ቤት ገበያ ግን አጃ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ እህል ጥንታዊ የስንዴ ዘር ነው። ስለዚህ ከአገር ቤት የመጣ የአጃ ዱቄት፣ በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚቀርበው የአጃ ሾርባም ጭምር፣ ለሴሊያክ ታማሚ እንደ ስንዴ መቆጠር አለበት።

ጤፍን በተመለከተ ሳይንሱ ግልጽ ነው። በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምሮ፣ የሴሊያክ ታማሚን የመከላከል ሕዋሳት የሚቀሰቅስ ግሉተን አላገኘባቸውም። የጤፍ እንጀራ ለታማሚው የሚሆን ምግብ ነው። ችግሩ «እንጀራ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የጤፍ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት የኬክ ዱቄት ይጨመርበታል። ጤፍ ውድ ነው፤ ድብልቁ ደግሞ እንጀራውን ያለሰልሰዋል፣ ዓይኑንም ያሳምረዋል። ቀለሙ አያስረዳም። የጠቆረ እንጀራ ገብስ ሊኖረው፣ የነጣው ደግሞ ንጹህ የማኛ ጤፍ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው «ጤፍ ነው ወይ?» በሚለው አያበቃም። ጋጋሪዋን ሂደቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። እርሾው ካለፈው ድብልቅ ሊጥ የተረፈ ነው ወይስ ከጤፍ ብቻ የተያዘ? አብሲቱ በምን ዱቄት ተጣለ? ምጣዱ ላይ ዳቦ ወይም የስንዴ ቂጣ ይጋገርበታል? ማሰሻውስ ለሁለቱም አንድ ነው? ከአገር ቤት የሚላክ የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ ሌላ ጥያቄ አለው፤ እሱም ወፍጮው ነው። በአንድ ወፍጮ ስንዴ ተፈጭቶ ወዲያው ጤፍ ከተከተለ፣ በድንጋዩና በመውረጃው የቀረው የስንዴ ዱቄት ከጤፉ ጋር ይወርዳል። የዘመድ ፍቅር ያለበት በርበሬ ስለሆነ ሰው ይህን መጠየቅ ይከብደዋል፤ መጠየቅ ግን አለበት። ዘመድ ጋር ተነጋግሮ በርበሬው በቤት ውስጥ በንጹህ ሙቀጫ ወይም በግል መፍጫ እንዲዘጋጅ ማድረግ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተጋነነ ለሚመስለው መጠኑን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ 2,000 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ግሉተን ሊኖረው ይችላል። በኢጣሊያ ተመራማሪዎች መሪነት ተሠርቶ በ2007 የታተመ ጥናት በቀን 50 ሚሊ ግራም ለሦስት ወር የወሰዱ ታማሚዎች አንጀት መጎዳቱን አሳይቷል። ይህም የአንዱ ቁራሽ አርባኛ ያህል ነው። በቀን ከ10 ሚሊ ግራም በታች በአብዛኛው ጉዳት አያደርስም ተብሎ ይታሰባል። ሆድ ባይታመምም አንጀቱ ሊቆስል ስለሚችል «በላሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

ከግሉተን ነጻ ለሚባል ምግብ በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ፣ በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ የተቀመጠው ጣሪያ አንድ ነው፤ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የአሜሪካው ሕግ በ2013 ወጥቶ ከኦገስት 2014 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። ይህ ቃል ከሌለበት ማሸጊያ ላይ ግን ዝርዝሩን ማንበብ ግድ ነው። የአሜሪካው የአለርጂ ሕግ አምራቹ ስንዴን በስሙ እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ ገብስንና ራይን ግን አያካትትም። ስለዚህ «ስንዴ የለበትም» የሚል ምግብ ብቅል፣ ማለትም ማልት፣ ሊኖረው ይችላል። የአውሮፓ ሕግ ገብስንና ራይንም ያካትታል። በማሸጊያ ላይ ግዴታ ያልሆኑ፣ በገለልተኛ ድርጅት የሚሰጡ ምልክቶችም አሉ፦ በአውሮፓ የተሰረዘች የእህል ዛላ ሥዕል፣ በአሜሪካ ደግሞ በኪሎ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የማይፈቅደው የጂኤፍሲኦ ምልክት። እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው እነዚህን ምልክቶች ማወቁ ብቻ ገበያውን በእጅጉ ያቀልለታል። አኩሪ አተር ሶስ፣ የተዘጋጀ ሾርባ ቅመም፣ ቋሊማ፣ ኩስኩስና ቡልጉር ሰው ሳይጠረጥራቸው ስንዴ የሚያስገቡ ናቸው።

እዚህ ድረስ ያለውን እውቀት ዝግጁ አድርገው የሚጠብቁት የሕሙማን ማኅበራት ናቸው። በብሪታንያ ሴሊያክ ዩኬ አለ፤ በአሜሪካ በ1990 የተቋቋመው ሴሊያክ ዲዚዝ ፋውንዴሽን፣ ቢዮንድ ሴሊያክና ከሲያትል አካባቢ በ1974 የተነሣው ግሉተን ኢንቶለራንስ ግሩፕ ይታወቃሉ። በኢጣሊያ፣ በጀርመን፣ በስዊድን፣ በእስራኤልም ብሔራዊ ማኅበራት አሉ፤ የአውሮፓዎቹ ኤኦኢሲኤስ በሚባል ጥላ ሥር ይሰባሰባሉ። የእነዚህ ጥቅም ከሐኪም ቤት የማይገኝ ነገር መስጠታቸው ነው። የተረጋገጡ ምርቶችን ዝርዝር፣ የታመኑ ምግብ ቤቶችን አድራሻ፣ በየቋንቋው የተጻፈ ለአስተናጋጅ የሚሰጥ ካርድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ያገናኛሉ። ድጋፉ በየአገሩ ይለያያል፤ በኢጣሊያ ታማሚው ለግሉተን አልባ ምግብ የሚሆን ወርሃዊ ድጎማ ከመንግሥት ያገኛል። ለአማርኛ ተናጋሪው ትልቁ ክፍተት ቋንቋው ነው። በየከተማው ባለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሁለት ወይም ሦስት ታማሚዎች ቢገኙ እንኳን፣ የትኛው ጋጋሪ ንጹህ ጤፍ እንደሚጋግር፣ የትኛው ሱቅ ዱቄቱን ለይቶ እንደሚይዝ እርስ በርስ መነጋገራቸው ማንኛውም የውጭ ማኅበር ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ነው።

መረጃ ሲበዛ መለየት ያስፈልጋል። የሚሸጥ ነገር ይዞ የሚመጣ ምክር በጥርጣሬ መታየት አለበት። ግሉተንን ይፈጫሉ የሚባሉ የኢንዛይም ክኒኖች ዳቦ ለመብላት አያበቁም። በፀጉር ናሙና ሴሊያክን እናገኛለን የሚሉ ምርመራዎች ማስረጃ የላቸውም። «ዳንኩ፣ አሁን ሁሉን እበላለሁ» የሚል ምስክርነት ምንም ያህል ልብ ቢነካ፣ የተሻለው ሰው የተሻለው ግሉተን በማቆሙ ሊሆን ይችላል፤ ሲመለስበት ጉዳቱም ይመለሳል። ጠበል መጠመቅም ሆነ ዱዓ ማድረግ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ የሚጋጨው በእነሱ ምክንያት ምግቡን መተላለፍ ነው። መረጃው ማን ጻፈው፣ መቼ ተጻፈ፣ ሐኪም አይቶታል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አብዛኛውን ገለባ ይለያሉ።

ከምግቡ ይልቅ ለሐበሻው የሚከብደው ገበታው ነው። ብዙ እጅ በአንድ መሶብ ላይ ይዘረጋል፤ ድብልቅ እንጀራ የያዘው እጅ ወጡን ይነካል። ጉርሻ ደግሞ አለ። «አፈር ስሆን፣ አንዲት ብቻ!» እየተባለ የሚቀርብ ጉርሻን መመለስ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ልምድ ያላቸው ታማሚዎች ሁለት ነገር ያደርጋሉ፦ ከግብዣው በፊት ለባለቤቲቱ ደውለው ይነግራሉ፤ ገበታው ላይ ደግሞ «ሐኪም ከልክሎኛል» ይላሉ። ይህ አባባል ከማንኛውም የግሉተን ማብራሪያ ይልቅ በአገሩ ልማድ ይከበራል። የራስን እንጀራ በሌላ ሳህን ይዞ መሄድና ወጡ ከመነካቱ በፊት አስቀድሞ ማስቀዳት ነውር አይደለም። ይህንን አስቀድማ ለእንግዶቿ የምትናገር የቤት እመቤት ለታማሚው ከየትኛውም ክኒን የበለጠ ትረዳዋለች። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ ሴት የምትበላው ቤቱ የሚበላውን ስለሆነ፣ ሐኪሙ ምክሩን በዐረብኛ ጽፎ እንዲሰጣት መጠየቅ አለባት።

በሃይማኖታዊ ሥርዓት ላይ ያለው ጥያቄም ሊዘለል አይገባም። የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጀው ከስንዴ ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግሉተኑ በእጅጉ የተቀነሰ ኅብስት ይፈቀዳል፤ ከወይኑ ብቻ መቀበልም ይቻላል። ለኦርቶዶክሳዊው ምእመን ጉዳዩ የንስሐ አባት ነው፤ የሐኪሙን ወረቀት ይዞ በግልጽ መመካከር ይገባዋል፤ ብቻውን ተጨንቆ ከቁርባን መራቅም ሆነ ዝም ብሎ መታመም አይጠበቅበትም። በቤተ እስራኤል ሰንበት የሚባረከው ዳቦም የስንዴ በመሆኑ ከቄሱ ጋር ተመሳሳይ ምክክር ያስፈልገዋል። ጾምን በተመለከተ ደግሞ በማገገም ላይ ያለ አንጀት ብረት፣ ካልሲየምና ቢ12 ስለሚያንሰው፣ ረጅሙን ጾም ከመያዝ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባትንም ማማከር ተገቢ ነው።

ልጆች የተለየ ድጋፍ ይሻሉ። በአሜሪካ ሕግ ሴሊያክ ያለበት ልጅ በትምህርት ቤት የተጻፈ የአያያዝ ዕቅድ ሊሰጠው ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም መብት አለው፤ በ2012 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከሌስሊ ዩኒቨርሲቲ ጋር የደረሰበት ስምምነት ተቋሙ ለእነዚህ ተማሪዎች የሚሆን ምግብ እንዲያቀርብ አስገድዷል። ለወላጅ ትልቁ ሥራ ግን መምህሩን ማስረዳት ነው። የልደት ኬክ፣ በክፍል ውስጥ የሚሠራ የዱቄት ጥበብ፣ ከጓደኛ ጋር የሚለዋወጡት ብስኩት ሁሉ በዚያ ውይይት ውስጥ መነሣት አለባቸው። ልጁ ራሱ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ማለትን በትንሽነቱ ከለመደ፣ በጉርምስናው አይቸገርም።

ምርመራውን የሰማ ሰው ማዘኑ የሚጠበቅ ነው፤ የልጅነቱ ድፎ ዳቦ፣ የእናቱ በሶ ከእጁ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው ከመብላት መፍራት ይጀምራል፤ ከማኅበራዊ ኑሮ ይርቃል። ይህ ከሳምንታት ካለፈ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል፤ ድብርት በዚህ ሕመም ላይ የሚታይ ነገር ነውና። አንጀቱ በልጅ ላይ ቶሎ፣ በአዋቂ ላይ አንዳንዴ ዓመታት ወስዶ ይድናል። ደም ይሞላል፤ ጉልበት ይመለሳል። ሰውየው ይህን አስቀድሞ ካወቀ መታገሥ ይቀልለዋል።

የቀረ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ለታማሚው ሳይሆን ለቤተሰቡ ነው። ሴሊያክ በዘር ስለሚተላለፍ ከታማሚው ወላጆች፣ ልጆች፣ ወንድሞችና እህቶች መካከል ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሳያውቅ ሊይዘው ይችላል። ከቤተሰቡ አንዱ ምርመራው ሲጸናበት ሌሎቹ ሁሉ የደም ምርመራውን ያድርጉ፤ ምርመራው እስኪያልቅም ድረስ አንዳቸውም ዳቦ አያቁሙ።